«ጉሮሮውን የሚያከራይ ሰው» ለሚለው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን አንድ ጓደኛዬ ስለ ጃፓናዊው ተዋናይ ኮይቺ ያማዴራ የተጻፈ ጽሑፍ ላከልኝ። ርዕሱ «ጉሮሮውን የሚያከራይ ሰው» ይላል። ጓደኛዬ ከሥሩ «የሚያናድድህ ነገር አገኘሁልህ» ብሎ ጽፎበታል። ተሳክቶለታል።

ጽሑፉን ላላነበባችሁ ባጭሩ ይኸው። ጸሐፊው ስድስት ነገር ይላሉ። ያማዴራ በካሜራ ፊት አልሆንለት ሲል ወደ ድምፅ ሥራ የወረደ፣ ፊቱን ማንም የማያውቀው ሰው ነው። ችሎታው የሰው ድምፅ ማስመሰል ብቻ ነው፤ «የተውሶ ሥራ»። እንደ ውሻ መጮህ ደግሞ ትወና አይባልም። ዝናው የመጣው የሞቱና የደከሙ ተዋንያንን ቦታ በመውረስ ነው። በውጭ ፊልም ላይ ጃፓንኛ መደረብ፣ ዳቢንግ የሚሉት ነገር፣ ዋናውን ተዋናይ መግደል ነው። በመጨረሻም፣ ይህን ሁሉ ነገ ኮምፒውተር ስለሚሠራው የሰውዬው ሙያ አብቅቶለታል።

እኔ የፊልም ባለሙያ አይደለሁም። ግን የዚህን ሰውዬ ድምፅ እየሰማሁ ያነጋሁባቸው ሌሊቶች ብዙ ናቸው። ካውቦይ ቢቦፕ የሚባለው የጃፓን ካርቱን ከፍላሽ ወደ ፍላሽ እየተገለበጠ እጃችን በገባበት ጊዜ፣ እንግሊዝኛውን ከሥር እያነበብን ጃፓንኛውን እናዳምጥ ነበር። ቃሉ አይገባንም። ስፓይክ የሚባለው ሰውዬ እንደሰለቸው፣ እንደራበው፣ እንደሚዋሽ ግን በደንብ ይገባን ነበር። ይህን ያደረገው ማን እንደሆነ ፈልጌ ያገኘሁት ስም ያማዴራ ነው። ስለዚህ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

«አልሆንለት ሲል ወረደ» ከምትለዋ ልጀምር። ከሁሉ ያናደደችኝ እሷ ናት።

ያማዴራ በ1961 በሰሜን ምሥራቅ ጃፓን፣ ሚያጊ ውስጥ ሺዮጋማ በምትባል የወደብ ከተማ ተወለደ። ቶሆኩ ጋኩኢን ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ኢኮኖሚክስ ተማረ። ከዚያ ቶኪዮ ሄዶ የተመዘገበው የድምፅ ትወና ማሠልጠኛ ውስጥ ነው። በ1985 ሜጋዞን 23 በሚባል አኒሜ፣ ማለትም የጃፓን ካርቱን፣ ሥራ ጀመረ። በ1989 ገና 30 ሳይሞላው ራንማ በሚባል አኒሜ ላይ ሪዮጋን ሆነ፤ ከቤቱ ወጥቶ የሚቀጥለው መንደር ለመድረስ ቀናት የሚፈጅበት፣ መንገድ የሚጠፋበት ልጅ። በ1995 ኢቫንጌሊየን ላይ ካጂን፣ በዚያው ዓመት ጎስት ኢን ዘ ሼል ላይ ቶጉሳን፣ በ1998 ስፓይክን። እዚህ ውስጥ «በካሜራ ሞክሮ የወደቀበት» ዘመን የቱ ጋ ነው? ሰውዬው ሲጀምርም የመረጠው ድምፅን ነው።

እንዲያውም ካሜራው ነው ወደ እሱ የመጣው። በ1997 ቲቪ ቶኪዮ የሚባለው ጣቢያ ኦሃ ስታ የሚባል የልጆች የጠዋት ፕሮግራም ጀመረ። አቅራቢው ያማዴራ ነበር። በድምፅ ሳይሆን በአካል፣ ከነፊቱ። ልጆቹ «ያማ-ቻን» ይሉታል፤ እኛ ስም መጨረሻ ላይ «ዬ» ጨምረን እንደምናቆላምጠው ማለት ነው። በየሥራ ቀኑ ጠዋት፣ እስከ 2016 ድረስ እዚያው ነበር። ከ18 ዓመት በላይ! በመጀመሪያው ዓመት ፕሮግራሙን እያየ ጥርሱን የሚቦርሽ የነበረ ልጅ፣ ያማዴራ ሲሰናበት የራሱን ልጅ ትምህርት ቤት የሚያደርስ አባት ሆኗል። የፕሮግራሙ ሰላምታ «ኦሃ» አገሩን አዳርሶ ዘፈን ውስጥ ገባ፤ በ2000 የዓመቱ አነጋገር ተብሎ ተሸለመ። ሽልማቱን የወሰደው ሰላምታውን በዘፈን ያራገበው ሌላ ታዋቂ ሰው መሆኑን ሳልናገር ባልፍ ደግሞ ደስ አይለኝም። ለማንኛውም «ፊቱን ማንም አያውቀውም» የሚሉት ጸሐፊ፣ 30ዎቹ ውስጥ ያለ አንድ ጃፓናዊ ፈልገው ይጠይቁ።

ግማሽ እውነት እንዳላቸው አልክድም። ያማዴራ በድራማ ላይ በአካል ሲመጣ የሚሰጡት ቦታዎች አብዛኛውን ጊዜ ትንንሽ ናቸው። አንዳንዴም የሚጠራው ተመልካቹ «አይ! እሱ እኮ ነው!» እንዲል ነው። በ2019 ናትሱዞራ በሚባለው፣ ኤንኤችኬ የተባለው የሕዝብ ጣቢያ ባሳየው የጠዋት ድራማ ላይ የተሰጠው ሰው፣ ድሮ ድምፅ አልባ ፊልም ይተርክ የነበረና በኋላ ለካርቱን ድምፅ የሚሰጥ ተዋናይ ነው። ጥቅሻ ነው፤ ሁሉም ይገባዋል። በፊቱ ብቻ ታላቅ ፊልም የተሸከመ ተዋናይ ነው ብዬ አልከራከርም። «ወረደ» የምትለዋን ቃል ግን አልቀበልም።

ለመውረድ መጀመሪያ ደረጃ ያስፈልጋል። ጃፓን ውስጥ ደግሞ ያ ደረጃ ጸሐፊው እንደሚያስቡት የተሠራ አልነበረም። ድምፅ አልባ ፊልም በነበረበት ዘመን ቤንሺ የሚባሉ ሰዎች ነበሩ። ከስክሪኑ አጠገብ ሆነው ታሪኩን ይተርካሉ፣ የወንዱንም የሴቷንም የሕፃኑንም ንግግር ራሳቸው ይናገራሉ። ብዙ ሰው ትኬት የሚቆርጠው የቤንሺውን ስም አይቶ ነበር። የታላቁ ዳይሬክተር የአኪራ ኩሮሳዋ ታላቅ ወንድም ቤንሺ ነበር፤ ታናሹን ፊልም ያስወደደውም እሱ ነው። በ1958 ቶኤ የሚባለው የፊልም ኩባንያ የመጀመሪያውን ባለቀለም ረጅም የካርቱን ፊልም ሲያወጣ፣ የሁሉንም ገፀ ባሕርያት ድምፅ የሰጡት ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው፤ ሂሳያ ሞሪሺጌና ማሪኮ ሚያጊ። ሞሪሺጌ የዘመኑ ትልቅ የፊልም ኮከብ ነበር። ለካርቱን ድምፅ ስለሰጠ ኮከብነቱ አልቀነሰም።

ከዚያ ቴሌቪዥን መጣ። ትልልቆቹ የፊልም ኩባንያዎች ቴሌቪዥንን እንደ ጠላት አዩት። ፊልማቸውንም ኮከቦቻቸውንም ነፈጉት። ጣቢያዎቹ ሰዓቱን የሚሞሉበት ሲያጡ የአሜሪካ ተከታታይ ድራማ ገዙ። ጃፓንኛ የሚያናግርላቸው ሰው ሲፈልጉ ደግሞ ያገኙት የመድረክ ተዋንያንን ነው። መጀመሪያ አካባቢ ይህ የሚሠራው በቀጥታ ሥርጭት ነበር፤ ከተሳሳትክ አገር ሰማህ። የጃፓን የድምፅ ትወና የተወለደው እዚያ ጋ ነው። ከአንጋፋዎቹ አንዳንዶቹ «ሴይዩ» ማለትም የድምፅ ተዋናይ መባልን የማይወዱትም ለዚህ ነው። «ተዋናይ ነኝ፣ አለቀ» ይላሉ።

ሁለተኛው ክስ «አስመሳይ ነው» የሚለው ነው። እዚህ ጋ ጸሐፊው አንድ ማስረጃ አምጥተዋል። ያማዴራ ሉፓን ሣልሳዊ የሚባለውን የካርቱን ሌባ ድምፅ ከሟቹ ተዋናይ ወስዶ ቁጭ እሱን ሆነ ይላሉ። ይህ ስህተት ነው። የሉፓን ድምፅ ያሱዎ ያማዳ ነበር። በ1995 ሲሞት ቦታውን የያዘው ካንኢቺ ኩሪታ ነው። ኩሪታ እንጀራው የታዋቂ ሰዎችን ድምፅ ማስመሰል የነበረ ሰው ነው። ያማዴራ ሉፓን አይደለም። ሉፓንን የሚያሳድደው ፖሊስ ነው! እሱ ጋ በኋላ እመለሳለሁ። ለጊዜው ግን ዋናው ማስረጃ የሌላ ሰው ሆኖ ተገኘ።

ያማዴራ ማስመሰል ይችላል። በደንብ ይችላል። ቅጽል ስሙ ራሱ «ባለሰባት ቀለም ድምፅ» ነው። ግን ይህን ስም እኔም አልወደውም። ሰው ሲሰማው ጉሮሮው ውስጥ ሰባት ቁልፍ ያለ ይመስለዋል፤ አንዱን ጫን፣ ዳክዬ ይወጣል። የሰውዬው ሥራ ያለው ጆሮው ላይ ነው።

ዳቢንግ ሲሠራ አስቡት። አንድ ጆሮው ላይ የዋናው ተዋናይ ድምፅ ይሰማል። ዓይኑ ስክሪኑ ላይ ነው። እጁ ላይ ስክሪፕት አለ፤ ገጹን ሲገልጥ ወረቀቱ ኮሽ ማለት የለበትም። ተዋናዩ ትንፋሽ ሲወስድ እሱም መውሰድ አለበት። አፉ ሲዘጋ እሱም መጨረስ አለበት። ከዚህ ሁሉ በላይ ደግሞ ቋንቋው አለ። ጃፓንኛ እንደኛው አማርኛ ግሡን መጨረሻ ላይ ነው የሚያስቀምጠው። እንግሊዝኛ ተናጋሪው ገና አፉን ሲከፍት «አልፈልግም» ብሎ ጨርሷል፤ ማብራሪያው ነው የቀረው። የሴትየዋ ፊት ወዲያው ይለወጣል። ጃፓናዊው ግን ልክ እንደኛ፣ ምኑን እንደማይፈልግ ዘርዝሮ፣ ዘርዝሮ «አልፈልግም» የምትለዋ ላይ የሚደርሰው መጨረሻ ላይ ነው። ታዲያ ሴትየዋ ለምን ቀድማ አለቀሰች? ቃሉ ሳይደርስ ድምፁ ቀድሞ መናገር አለበት። ይህ ማስመሰል ከሆነ እኔም አስመሳይ ብሆን ደስ ይለኛል።

ሁለት ፊልም ብቻ ላንሳ። ሁለቱም የጂም ካሪ ናቸው፤ ሁለቱንም በጃፓንኛ ያናገራቸው ያማዴራ ነው። አንዱ ዘ ማስክ ነው። ካሪ እዚያ ሰው አይደለም፣ ላስቲክ ነው። ሌላው ዘ ትሩማን ሾው ነው። እዚያ ያው ካሪ ፈገግ እያለ ከውስጥ ይፈርሳል። ድምፅ ብቻ የሚገለብጥ ሰው ሁለቱን አንድ ዓይነት ያደርጋቸው ነበር፤ ተዋናዩ አንድ ሰው ነዋ! ኤዲ መርፊ ብቻውን ሰባት ሰው ሆኖ የተጫወተበት ዘ ናቲ ፕሮፌሰርም አለ። እሱንም ያማዴራ ነው የሠራው። እራት ጠረጴዛ ላይ አባት፣ እናት፣ አያት ሲጨቃጨቁ የምትሰሙት አንድ ሰውዬ ነው።

አሁን ወደምወደው ምሳሌ ልምጣ። አላዲን።

በ1992 የወጣው የዲዝኒ ካርቱን ላይ ጂኒው፣ ከፋኖሱ የሚወጣው መንፈስ፣ ሮቢን ዊሊያምስ ነበር። ዊሊያምስ ስቱዲዮ ገብቶ ከስክሪፕቱ ውጪ ያፈሰሰው ቀልድ ብዛት የለውም። ሠዓሊዎቹ ሥዕሉን የሣሉት እሱ የተናገረውን እየተከተሉ ነው። ጂኒው በየሴኮንዱ ሌላ ሰው ይሆናል። የዊሊያምስ ቀልዶች ግማሹ የአሜሪካ ቴሌቪዥን ላይ ላደገ ሰው ብቻ የሚገባ ነው። ይህን ወደ ጃፓንኛ አምጣ ቢባል ማን ይደፍራል? ያማዴራ ደፈረ።

ወሬው የሚጣፍጠው ግን ከዚያ በኋላ ነው። በ1994 ሁለተኛው ክፍል በቪዲዮ ሲወጣ ዊሊያምስ አልነበረም። በእንግሊዝኛው ጂኒውን ያናገረው ዳን ካስቴላኔታ ነው፤ ሲምፕሰንስ ላይ ሆመርን የሚሆነው ሰውዬ። በ1996 በሦስተኛው ክፍል ዊሊያምስ ተመለሰ። በ2019 ደግሞ ፊልሙ በሰው ተሠራና ጂኒው ዊል ስሚዝ ሆነ። እንግዲህ ቁጠሩ። በእንግሊዝኛ ሦስት ሰው። በጃፓንኛ ያማዴራ፣ ያማዴራ፣ ያማዴራ፣ ያማዴራ።

ልብ በሉ፣ ዊል ስሚዝን ጃፓን ውስጥ በብዛት የሚያናግረው ሂሮኪ ቶቺ የሚባል ሌላ ተዋናይ ነው። የጃፓን ተመልካች ደግሞ በዚህ ነገር ቀልድ አያውቅም። አንድ የሆሊውድ ኮከብ የለመደው ድምፅ ከተቀየረ ቅር ይለዋል። ስለዚህ 2019 ላይ ምርጫ ነበረ፤ የስሚዝ ድምፅ ይቅር ወይስ የጂኒው? የጂኒው ድምፅ አሸነፈ። እና ያማዴራ ምን አደረገ? ካርቱኑ በ1993 ጃፓን ሲገባ የሠራውን ጂኒ ፍሪዘር ውስጥ አስቀምጦ ቆይቶ አላወጣውም። ስሚዝ ጂኒውን የተጫወተው እንደ ሰፈር ጀግና፣ ቀዝቀዝ፣ ኮራ ብሎ ነው። ያማዴራም ቀዝቀዝ ብሎ ተከተለው። ሁለቱን አከታትላችሁ ስሙ። ሰውዬው አንድ ነው፤ ያዳመጣቸው ሰዎች ግን ሁለት ናቸው። ጸሐፊው «የተውሶ ሥራ» ያሉት ይህን ነው።

ሦስተኛው ክስ ያሳቀኝ ነው። «እንደ ውሻ መጮህ ትወና አይደለም።»

ጸሐፊው የሚሉት ቺዝ የሚባለውን ውሻ ነው፤ አንፓንማን ላይ ያለውን። አንፓንማን ጃፓን ውስጥ ሕፃናት በአፋቸው እየጠሩት የሚያድጉት ካርቱን ነው። ጭንቅላቱ ዳቦ ነው፤ ውስጡ ጣፋጭ ቀይ ባቄላ አለው። የራበው ሰው ሲያገኝ ከራሱ ጭንቅላት ቆርሶ ይሰጠዋል። ከዚያ ጃም የሚባሉት ዳቦ ጋጋሪ አዲስ ጭንቅላት ይጋግሩለታል። ደራሲው ታካሺ ያናሴ ጦርነትና ረሃብ ያየ ሰው ስለነበር ይመስለኛል ጀግናው የሚዋጋ ብቻ ሳይሆን የሚያበላ የሆነው። ካርቱኑ ከ1988 ጀምሮ ሲታይ ኖሯል። ያማዴራ እዚያ ውስጥ ብዙ ሰው፣ ብዙ እንስሳም ነው። ከሁሉ የታወቀው ግን ይሄ ውሻ ነው።

ቺዝ ቃል የለውም። «አን፣ አን» ብቻ ነው የሚለው። በዚያች አንድ ፊደል ይፈራል፣ ያሾፋል፣ ይመክራል፣ ምግብ ይለምናል። የሁለት ዓመት ሕፃን ደግሞ ይገባዋል። እንግዲህ ፍረዱ። አንድ ተዋናይ አሥር ገጽ ንግግር ተሰጥቶት ሐዘኑን ቢያስረዳን ቃሉ ያግዘዋል። ቃሉን ብንወስድበትስ? ብዙ ተዋናይ እዚያ ጋ ባዶ እጁን ይቀራል። ስቲች የሚባለውን ሰማያዊ ፍጥረትና ዶናልድ ዳክንም ጃፓን ውስጥ የሚያናግራቸው ያማዴራ ነው። ሁሉም በግማሽ ቃል የሚናገሩ ናቸው። ይህን ሥራ በተደጋጋሚ የሚሰጡት በአጋጣሚ አይመስለኝም።

አሁን ያቺን ውሻ ይዘን ወደ አራተኛው ክስ እንለፍ፤ «የሙታንን ቦታ ወራሽ»።

ጃም የተባሉትን ዳቦ ጋጋሪ ከመጀመሪያው ጀምሮ ያናገሯቸው ሂሮሺ ማሱኦካ ነበሩ። በ2019 በጤና ምክንያት ተሰናበቱ፤ በቀጣዩ ዓመት አረፉ። ቦታቸውን የያዘው ያማዴራ ነው። እንግዲህ ቺዝ የሚኖረው ጃም ቤት፣ ዳቦ መጋገሪያው ውስጥ ነው። ከ2019 ወዲህ ሽማግሌው ውሻውን ሲያነጋግሩ፣ ውሻውም ሲመልስ ሁለቱም አንድ ሰው ናቸው። ይህ ሰውዬ ለ30 ዓመት ገደማ ያንን ሽማግሌ አጠገቡ ቆሞ ሲመልስለት ኖሯል። አኒሜ ሲቀረጽ ተዋንያኑ አንድ ክፍል ውስጥ ናቸው። ሦስት ወይም አራት ማይክ ነው ያለው፤ ተራ እየጠበቁ ወደ ማይኩ ይጠጋሉ፣ ጨርሰው ለሌላው ይለቃሉ። ስለዚህ «ወረሰ» ማለት ምን ማለት ነው? ከማንም በላይ ያዳመጠው እሱ ነበር። ለማን ይስጡት ታዲያ?

ዜኒጋታም እንደዚያው ነው። ይሄ ነው ቅድም እመለስበታለሁ ያልኩት ፖሊስ። ከ1971 ጀምሮ ድምፁ ጎሮ ናያ ነበሩ። ካባውን እያውለበለበ «ሉፓ—ን!» ብሎ ሲጮህ አርባ ዓመት የሰማው ሕዝብ አለ። በ2011 መጨረሻ ያማዴራ ተካው። መጀመሪያ ላይ የናያን አጮኻጮህ በጣም ተከትሏል፤ እዚህ ጋ ለጸሐፊው እጄን እሰጣለሁ። የናያ ጥላ ከብዶት ነበር። ጥቂት ዓመት ቆይቶ ግን ፖሊሱ ረጋ አለ፣ ሰው ሆነ፣ ደከመው። ጮኸ እንጂ ጩኸቱ የራሱ ሆነ።

ደግሞ ይህ ጃፓን ነው። ካቡኪ የሚባለው ቲያትር ውስጥ ተዋናይ የአባቶቹን ስም በሥርዓት ይረከባል። በ2022 አንዱ ተዋናይ «ኢቺካዋ ዳንጁሮ 13ኛ» ተብሎ ተሰየመ። 13ኛ! ማንም ተነስቶ «የአሥራ ሁለት ሙታን ወራሽ» አላለውም። እንዲያውም ክብር ነው። ሰው ያልፋል፣ ገፀ ባሕርዩ ይቀጥላል የሚል አገር ውስጥ ያለን ሰው በሌላ አገር ሚዛን መመዘን አይሆንም።

የዚህን ነገር ሌላ ጎን ያማዴራ ራሱ ቀምሶታል። ኔትፍሊክስ በ2021 ካውቦይ ቢቦፕን በሰው ሲሠራ፣ ስፓይክ የሆነው ጆን ቾ ነው። ለጃፓንኛው ያማዴራ ተጠራ። ፌይ የምትባለውን ገፀ ባሕርይ የምትሆነው ሜጉሚ ሃያሺባራም መጣች። የስፓይክ ጓደኛ ጄት ግን ድምፁ ኡንሾ ኢሺዙካ ነበር፤ በ2018 ሞቷል። ታይተን ኩሱኖኪ ገባበት። ያማዴራ ከ20 ዓመት በላይ የለመደውን ጨዋታ ከሌላ ድምፅ ጋር ተጫወተው። ተከታታዩ ራሱ ደካማ ነበር፤ እኔ ሁለተኛው ክፍል ላይ አቁሜው ነበር። ጃፓንኛውን አድርጌ ነው እንደገና የጨረስኩት።

አምስተኛውን ክስ በአጭሩ ላልፈው፤ ምክንያቱም ግማሹን እስማማለሁ። ፊልም በራሱ ድምፅ ቢታይ እኔም እመርጣለሁ። ግን ዳቢንግ «ግድያ» ነው የሚለው የተጋነነ ነው። ማንበብ ያልጀመረ ልጅ አለ። ዓይናቸው የደከመ እናት አሉ። ሽንኩርት እየከተፈ የሚያይ ሰው አለ። እኛም ቃና ቴሌቪዥን ሲጀምር በዚሁ ጉዳይ ብዙ ተጯጩኸናል፤ ያኔ የተነሳው ጥያቄ ግን በዋናነት የአገር ውስጥ ባለሙያ ሥራ ምን ይሆናል የሚል ነበር። ያ የራሱ ከባድ ጥያቄ ነው። ጸሐፊው ያነሱት ግን እሱን አይደለም። ይልቅ ጃፓን ውስጥ መነሳት ያለበት ቅሬታ ሌላ ነበር። ትልልቅ ፊልሞች ሲመጡ ለማስታወቂያ ሲባል ድምፅ ሠርቶ የማያውቅ ዝነኛ ሰው ዋናውን ቦታ ይሰጠዋል። ሽሬክ ሲመጣ ሽሬክን ያናገረው የታወቀ ኮሜዲያን ነው፤ ማሳቶሺ ሃማዳ። አጠገቡ አህያውን የያዘው ያማዴራ። ሃማዳ በጠንካራው የኦሳካ አነጋገሩ ደስ ይል ነበር፣ አልዋሽም። ግን ሁልጊዜ እንደዚያ አይሳካም።

ሌላም ጸሐፊው ቢያነሱት እጄን የምሰጥበት ነገር ነበር። ያማዴራ በዛ። ፊልም ስትከፍት እሱ፣ ካርቱን ስትከፍት እሱ፣ ማስታወቂያ ላይ እሱ። ጃፓን ውስጥ ጀማሪ የድምፅ ተዋናይ ለአንድ የ30 ደቂቃ አኒሜ ክፍል የሚከፈለው 15 ሺህ የን ነው። አንድ ቃል ቢናገር፣ መቶ ቢናገር ያው ነው። ስለዚህ ጥሩ ቦታ ማግኘት የሞት ሽረት ጉዳይ ነው። አንድ ሰው አሥር ቦታ ሲይዝ ዘጠኝ ልጅ ውጪ ቆሟል ማለት ይቻላል። ይህን ቢጽፉ ኖሮ ይህን ምላሽ አልጽፍም ነበር።

የቀረው ኮምፒውተሩ ነው። ጸሐፊው ሰው ሠራሽ አስተውሎት የያማዴራን ድምፅ ስለሚሠራ ነገሩ አበቃ ብለዋል። ማስመሰሉን አሁንም ይሠራዋል፤ ችግሩም እሱ ነው። በጥቅምት 2024 26 የጃፓን የድምፅ ተዋንያን ድምፃቸው ያለፈቃዳቸው እንዳይሠራ አብረው ተነሱ። ያማዴራ አንዱ ነው። ቴክኖሎጂው ይጥፋ አላሉም። «ሳትጠይቁን አታድርጉ» ነው ያሉት። ድምፁ እንጀራው የሆነ ሰው ይህን ቢል ምን ያስገርማል? ጸሐፊው «ጉሮሮውን የሚያከራይ» ብለውት የለ? ተከራይ እንኳን መጀመሪያ በር ያንኳኳል።

ደግሞ «አበቃለት» የተባለው ሰውዬ ሥራ ላይ ነው። በ2025 ሊሎ እና ስቲች በሰው ሲሠራ ስቲችን ጃፓንኛ ያናገረው እሱ ነው። ከዚያ በፊት፣ በዚያው በጥቅምት 2024፣ ራንማ እንደ አዲስ ተሠርቶ መታየት ጀመረ። ሪዮጋን፣ ያንን መንገድ የሚጠፋበትን ልጅ፣ ማን ያናግረው ተባለ። ያማዴራ 63 ዓመቱ ነበር። ሪዮጋ 16 ነው። ከ35 ዓመት በኋላ ልጁ ሻንጣውን ተሸክሞ ብቅ አለና «እዚህ የት ነው?» አለ።

ድምፁ ትንሽ ጎርነን ብሏል። መንገዱ ግን አሁንም እንደጠፋበት ነው።